የሰርግ ጥሪ በስልክ ቪዲዮ፦ ጠሪው አባትሽ ይሁኑ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ አካባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የመጨረሻው ወንድማችን ጥር 16 ቀን እሁድ ይሞሸራል። የጥሪውን ቪዲዮ ለስቱዲዮ ልንሰጥ ነበር። የተጠየቅነው ገንዘብ ግን ለድግሱ ሰንጋ መግዣ ማሟያ የሚሆን ነው። ስለዚህ እኔው በስልኬ ልሥራው ብያለሁ። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ይላል። ወንድሜ ድሮንና ስሎሞሽን ይፈልጋል። እናቴ የፋሲል ግንብ ካልገባበት አይሆንም ትላለች። አባቴ የእድር ዳኛ ናቸው፤ ‹በስልክ የተጠራ ሰው አልተጠራም፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም› ብለው ቁጭ አሉ። ዘመዶቻችን ደግሞ ከአርማጭሆ እስከ ዋሽንግተን የተበተኑ ናቸው። ቪዲዮው ምን ይኑረው? አባቴን ምን ልበላቸው? ከሙሽራዋ ቤተሰብ ጋርስ አንድ ላይ እንሥራው ወይስ ለየብቻ?»

ውድ እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አባትሽ ልክ ናቸው። ይህን የምልሽ ቪዲዮውን እንድትተዪው አይደለም። እሳቸው ያሉትን ከያዝሽ ቪዲዮው ያምርልሻል።

በእኛ አገር ሰው ሰውን ለሰርግ ሲጠራ በእግሩ ሄዶ ነው። በር ያንኳኳል፣ ይቀመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ የቤቱን ደህንነት ይጠይቃል። «ልጄን ልድር ነውና» የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተጠራውም «የጠሪ አክባሪ» ብሎ የሚመጣው ለዚያ ድካም ነው። አሁን በየስልካችን የሚደርሱንን የቪዲዮ ጥሪዎች አስቢያቸው። ሻማ ይበራል፣ ርግብ ይበራል፣ ሁለት ስም በወርቅ ቀለም እየተሽከረከረ ይመጣል። ማን እንደጠራሽ ግን አይታወቅም። አባትሽ የተከፉት በዚህ ይመስለኛል። ጠሪ የሌለው ጥሪ ነው።

ስለዚህ ጠሪው እሳቸው ይሁኑ። ድምፃቸውም ፊታቸውም ይግባ። ከዚህ በኋላ የምነግርሽ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ግን ስታናግሪያቸው በቪዲዮ አትጀምሪ። መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና «አባባ፣ በእግር ሄደው የሚጠሯቸው እነማን ናቸው?» በያቸው። የነፍስ አባታችሁ፣ የአባትሽና የእናትሽ ታላላቆች፣ የወንድምሽ የክርስትና አባት፣ የእድሩ ሰዎች፣ ግድግዳ የምትጋሯቸው ጎረቤቶች በዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ሰዎች ቪዲዮው ቢደርሳቸውም ባይደርሳቸውም በር ድረስ ይኬድላቸዋል። ይህ የማይነካ መሆኑን አባትሽ ሲያዩ ግማሹ ቁጣ ይበርዳል። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ አስከትይ፦ «ዋሽንግተን ያሉት እህትዎ በር ላይ መድረስ ቢችሉ ኖሮ ምን ብለው ይጠሯቸው ነበር?» መልሳቸውን ጆሮ ሰጥተሽ ስሚው። የቪዲዮው ዋና ንግግር እሱ ነው።

ያንን ንግግር ጽፈሽ አታስነብቢያቸው። እድር ላይ የሚናገር ሰው ንግግር አይቸግረውም። ወረቀት ከያዙ ግን ዓይናቸው ከሰው ላይ ይነሳል፣ ድምፃቸውም የዜና አንባቢ ይመስላል። ሦስት ነገር ብቻ አስታውሻቸው፦ ማን እንደሚዳር፣ መቼ፣ የት። የቀረው ከራሳቸው ይምጣ። «እንደምን ሰነበታችሁ። ትንሹን ልጄን ጥር 16 ቀን እሁድ ልድር ነው። ቤታችሁ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ኑ» ካሉ በቂ ነው። ሃያ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሦስት ጊዜ ቅረጺ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ይሻላል፣ ሰው ሲደጋግም እየደረቀ ይሄዳል። መሃል ላይ ቢያቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ፣ እናትሽ ከጎን ሆና «እሁድ ነው በል እንጂ» ብትል አትቁረጪው። ዋሽንግተን ያለችው አክስትሽ ደጋግማ የምታየው እሱን ነው።

ሲቀረጹ ሁልጊዜ እንግዳ የሚቀበሉበት ቦታ ላይ ይቀመጡ። ጋቢያቸውን ይልበሱ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በሩ ይዙር እንጂ መስኮቱ ከኋላቸው አይሁን። ብርሃን ከኋላ ከመጣ ስልኩ ለብርሃኑ ያደላና ፊት ይጠቁራል። ስልኩ በዓይናቸው ትክክል ይቁም። ከታች ወደ ላይ ከቀረጽሽ አገጭ ይገዝፋል፣ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሰው ትንሽ ይመስላል። ማቆሚያ ከሌለሽ መደርደሪያ ላይ በመጻሕፍት ደግፊው። በእጅ የተያዘ ስልክ ይንቀጠቀጣል።

ከምስሉ የበለጠ የምለምንሽ ስለ ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቪዲዮ የሚበላሸው በአብዛኛው በድምፅ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል። ቃሉ ካልተሰማ ግን ስልኩን ያስቀምጠዋል። ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ባዶ ሳሎን ያስተጋባል። ምንጣፍ፣ መጋረጃና ፍራሽ ያለበት ክፍል ይሻላል። ፍሪጁን ለአምስት ደቂቃ ንቀዪው። ሰዓትም ምረጪ። ቅዳሴው በማይክ በሚሰማበት፣ አዛን በሚወጣበት ወይም ባጃጅ በሚበዛበት ሰዓት አትጀምሪ። ሁለተኛ ስልክ ካለ ደግሞ ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ አባትሽ የደረት ኪስ ውስጥ ክተቺው። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዴ ጮክ አድርገሽ አጨብጭቢ። ኤዲት ስታደርጊ ጭብጨባው በሁለቱም የድምፅ መስመር ላይ ሾል ብሎ ይታያል። ሁለቱን ጫፎች አግጥመሽ የኪሱን ድምፅ ትይዣለሽ፣ የሩቁን ታጠፊያለሽ። ድምፅ ለመያዝ ከዚህ የቀለለና ያለ ገንዘብ የሚሠራ መንገድ አላውቅም።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ግንቡ ይግባ፣ ግን ለሦስት አራት ሰከንድ ብቻ። ጎንደር ያለው እንግዳችሁ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፣ ውጭ ያለው ደግሞ አንዴ ሲያየው አገሩ ትዝ ይለዋል። ከዚያ በላይ ሲረዝም የቱሪስት ማስታወቂያ ይሆናል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው። ከውስጥ ለመቅረጽ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በሩ ላይ ጠይቁ። ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ ምንም አትለጥፉ፣ ባለቀለም ወረቀት በትናችሁ አትሂዱ። የሙሽሮቹን ምስል ጸጥ ባለ ቦታ ከፈለግሽ የእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት አለልሽ። ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ስለሆነ ግን አለባበስና አኳኋን ይታሰብበት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ግን ለሰርግ ቪዲዮ ማጌጫ አታድርጊያቸው። የታቦት ጉዞም እንዲሁ። እነዚህን ለሰርግ ጥሪ መጠቀም ለእኔ ልክ አይመስለኝም። አባትሽም እንደማይወዱት እገምታለሁ።

ግንቡ አጠገብ ስትቀርጺ የሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ያስቸግርሻል። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ነው። ስልኩ ለድንጋዩ ብርሃን ይጨምርና ቀሚሱን ጥልፉ እስኪጠፋ ያነጣዋል። ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣትሽ ነክተሽ ያዢ፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጊ። እኩለ ቀን ላይ አትውጪ። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ከተማዋን ከላይ ለማሳየት ጎሃ ኮረብታ በ11 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ወንድምሽ ለጠየቀው ድሮን መልሴም ይኸው ነው፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ ጎሃ ላይ ቆሞ ግን ማንም ይቀርጻል። ስሎሞሽኑን ለአንድ ቅንጣቢ ፍቀጂለት። ሰርጉ የእሱ ነው።

ከግንቡ የተረፈውን ሰከንድ ለእናትሽ ጓዳ ስጪው። እኔ ብሆን ቪዲዮውን የምከፍተው በጌሾ ወቀጣ ድምፅ ነው። ምስሉ ሳይታይ «ዱም፣ ዱም» ይላል፣ ከዚያ ሙቀጫው ይታያል፣ ከዚያ የአባትሽ ፊት። ብቅሉ ሲሰጣ፣ በርበሬው ሲቀላ፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው እህል ሲለቅሙ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ጽሑፍ «ድግስ አለ» ይላሉ። ማንም ስቱዲዮ ይህን ሊያመጣልሽ አይችልም፣ እናንተ ቤት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሴቶቹን ግን ሳይነገራቸው አትቅረጫቸው። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸብ አድርገው አሜሪካ ድረስ መታየት የማይፈልጉ ይኖራሉ። እጃቸውን ብቻ ብታሳዪም ያምራል። አሁን ያለነውም ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጭፈራና ዶሮ ወጥ ከቪዲዮው ይውጣ። ሰርጉ የሚሆነው በጥር ቢሆንም ቪዲዮው የሚታየው በጾሙ ነው፤ ትልልቆቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም።

ስለ ርዝመቱ ብዙ አልልም። ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ፣ አበቃ። ስልኩን አቁመሽ ቅረጺ፣ ሰው ሁሉ አሁን የሚያየው እንዲያ ነው። ጥራቱን 1080 ላይ አድርጊው። አንድ ደቂቃ ቀረጻ እንደ ስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ስለሚይዝ አስቀድመሽ ቦታ አስለቅቂ። የካሜራውን መስተዋት በንጹህ ጨርቅ ጥረጊው። ስልክ እንዳይደወልብሽ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ፓወር ባንክሽ ይሞላ። ለኤዲቲንግ ካፕካት ወይም ኢንሾት ይበቃሻል። ነጻ መተግበሪያ የራሱን ምልክት ወይም መዝጊያ ይለጥፋል፤ ከመላክሽ በፊት አጥፊው።

ጽሑፉ ላይ ግን ቆም እንበል። የእነዚህ መተግበሪያዎች ያማሩ ፊደሎች በአብዛኛው ለአማርኛ የተሠሩ አይደሉም። አማርኛ ስታስገቢባቸው ወይ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል፣ ወይ ውበቱ ሁሉ ይጠፋል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው የጉግል ፎንት በነጻ ይገኛል። አውርደሽ ካፕካት ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጎንደር ውስጥ ሆኖ ግን ከዚህ የተሻለ አለ። ቁም ጽሕፈት የሚችል ሰው ፈልጊ። በየደብሩ፣ በየአብነት ትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ተገቢውን ክፍያ ከፍለሽ የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን በጥቁርና በቀይ ቀለም ወፍራም ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ። ሲጽፍ ከላይ ሆነሽ ቅረጺው። ብዕሩ ሲሄድ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሲያብረቀርቅ ማየት ከማንኛውም ወርቃማ ተሽከርካሪ ስም ይበልጣል። ወረቀቱ ደግሞ ፍሬም ገብቶ የሙሽሮቹ ቤት ላይ ይሰቀላል። ጸሐፊው ከመጀመሩ በፊት ስሞቹን በትክክለኛ ፊደላቸው ጽፈሽ ስጪው። ሐመሩ ሐ ነው ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡ ሠ ነው እሳቱ ሰ፣ ባለ ስሙ ያውቀዋል፣ ይቀየማልም።

ቀንና ሰዓቱ ስክሪኑ መሃል ላይ፣ ቢያንስ ለስምንት ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ። ታች ካደረግሽው ቲክቶክ ላይ የመለያው ስምና የመግለጫው ጽሑፍ ይሸፍነዋል። ለውጭ ዘመዶች ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፊ። «ጥር 16» ብቻ ካልሽ አሜሪካ የተወለዱት የአክስትሽ ልጆች መቁጠር ሊቸግራቸው ይችላል። «ጃንዋሪ 24» የሚለውን ጨምሪበት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «6 ሰዓት» ስትዪ እዚህ እኩለ ቀን ነው፣ እዚያ ላለው ሰው ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊመስለው ይችላል። «ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በፈረንጆች 12፡00» ብለሽ ጻፊው። ከቪዲዮው ሥርም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በመልእክት መልክ ላኪ። ሰው ከሳምንት በኋላ ቀኑን ሲረሳ ቪዲዮ ከፍቶ ከሚፈልግ ጽሑፉን ያነባል።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። የጎንደር ሰፈር በመንገድ ስም አይገኝም። ሰው የሚመራው በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በሱቅ ነው። ባጃጁ ከሚያወርድበት ቦታ ጀምረሽ እስከ ግቢያችሁ በር ድረስ እየሄድሽ ቅረጺ፣ ከዚያ በኤዲቲንግ አፍጥነሽ አምስት ሰከንድ አድርጊው። ከሁመራ የመጣ እንግዳ ስልክ ሳይደውል በርሽ ላይ ይደርሳል። ይህን ክፍል ግን ቲክቶክ ላይ አታውጪው። ሁለት ቅጂ ሥሪ። የቤቱ መንገድና ስልክ ቁጥር ያለበት በየስልኩና በቤተሰብ ግሩፕ ብቻ ይላክ። ለሁሉም ሰው የሚወጣው ላይ ስም፣ ደስታና ቀን ይበቃል። ቤታችሁ የት እንደሆነ፣ የትኛው ዘመድ ከውጭ እንደሚመጣ ለማያውቁት ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚህ ጉዳይ ላይ ወንድምሽ ቢነጫነጭም አትሸነፊ።

ስለ ዘፈን ደግሞ፣ የታወቀ ዘፋኝ ሥራ ከለጠፍሽ ፌስቡክም ዩቲዩብም ድምፁን ሊያጠፉብሽ ይችላሉ። የባለቤቱ መብት ነውና አይፈረድባቸውም። አንቺ ያለሽው የአዝማሪ አገር ነው! ባለ ማሲንቆ ጥሪ፣ ተስማሙ፣ የሚገባውን ስጪው። አዝማሪ ግጥም ሲሰጡት ተቀብሎ ያዜማል፣ እናንተም ግጥም ስጡት። ቀኑ ራሱ በዜማ ይጠራ። እኔ አንድ ልሞክርልሽ፦

ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቋል፤
ጥር ዐሥራ ስድስት ቤቱ ይጠብቃል።

አጎቶችሽ ከዚህ የተሻለ እንደሚያወጡ አልጠራጠርም። በዜማ የተያዘ ቀን አይረሳም። አዝማሪው ባይገኝ የአክስቶችሽ እልልታና ከበሮ ብቻውን ይበቃል። አባትሽ ሲናገሩ ግን ከሥር ምንም ዜማ አይኑር። ቃላቸው ብቻ ይሰማ።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። ከምትጠሯቸው ውስጥ ሐዘን ላይ ያለ ቤት ይኖራል። ለእነሱ እልልታና ማሲንቆ ያለበት ቪዲዮ በስልካቸው ድንገት እንዲከፈትባቸው አታድርጊ። ለእነሱ በአካል ይኬዳል። ሩቅ ከሆኑ አባትሽ ይደውሉና አስቀድመው ያጽናኑ፣ ከዚያ በኋላ ዜማ የሌለው፣ የአባትሽ ቃል ብቻ ያለበት ቅጂ ይላክላቸው። ይህን ቅጂ ለማውጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብሽም። የሞቱትን አያታችሁን ፎቶ ማስገባት ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን አያትሽን ጠይቂ። ደስ ሊላቸው ይችላል፣ ሊያስለቅሳቸውም ይችላል። የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

መቼ ይላክ? ጥር 16 ከጥምቀት አምስት ቀን በኋላ ነው። ይህ ለጎንደር ትልቅ ነገር ነው። ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፣ ሆቴሉም የአውሮፕላኑ ወንበርም ቀድሞ ይያዛል። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ጥምቀትንም ሰርጉንም አንድ ላይ ሊያደርገው ያስባል። ስለዚህ ከውጭና ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ቪዲዮውን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ቀኑን በጽሑፍ አሳውቂያቸው። ሙሉው ቪዲዮ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይድረስ። ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ አባትሽ «እንዳትቀሩ» የሚሉባትን አጭር ቅንጣቢ ላኪ።

ከመላክሽ በፊት ግን ከሰፈር አንዲት ትልቅ ሴት ጥሪና አንዴ ብቻ አሳያቸው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጪና «እማማ፣ ሰርጉ መቼ ነው? የት ነው? ማን ጠራዎት?» በያቸው። ሦስቱን ከመለሱ ቪዲዮሽ አልቋል። ካልመለሱ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ ተመልሰሽ አስተካክይ። ቴሌግራም ላይ ስትልኪ በፋይል መልክ ላኪው፣ ጥራቱ አይወርድም። ዋትስአፕ ላይ እንደ ዶክመንት አያይዥው። ኔትወርክ ደካማ ለሆነበት ገጠር ግን አነስ ያለውን ቅጂ ላኪ። አርማጭሆ ላለው አጎትሽ በትንሽ ዳታ መከፈቱ ከጥራቱ ይበልጥበታል። በጅምላ «ፎርዋርድ» አታድርጊ። ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ «ጋሼ፣ አባቴ የላኩልዎ ጥሪ ነው» ብለሽ ላኪ። ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። እህቶችሽና የአጎት ልጆች ስልክ ቁጥሮቹን ይከፋፈሉ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ የሙሽራዋ ቤተሰብ ነው። ድግሱ በየቤታችሁ ከሆነ ለየብቻ ሥሩ። ጠሪው የተለያየ ነው፣ ቤቱም የተለያየ ነው። አንድ ቪዲዮ ሁለት ቤት ሲጠራ እንግዳው የትኛው ድግስ ላይ እንደተጠራ ግራ ይገባዋል። ይባስ ብሎ ሰርጉና መልሱ ይምታታበታል። የሙሽሮቹን ምስልና የቁም ጽሕፈቱን ቀረጻ ተካፈሉ፣ ንግግሩና ጓዳው ግን የየቤቱ ይሁን። የእነሱን ወገን የእሷ አባት ይጥሩ። በአንድ አዳራሽ አንድ ድግስ ካላችሁ ግን ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጥሩ። እኔን ከጠየቅሽኝ የሙሽራዋ አባት ቀድመው ቢናገሩ ደስ ይለኛል። ልጅ ከቤት የምትወጣባቸው እሳቸው ናቸው። የእናቶቹ ስምም ከአባቶቹ እኩል፣ በዚያው መጠን ይጻፍ። ስንት ጥሪ ላይ «ከነባለቤታቸው» ተብለው የቀሩ እናቶች አሉ! የመጨረሻውን ቅጂ ሁለቱም ቤት ቁጭ ብለው አይተው፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አንብበው «ይሁን» ሲሉ ያን ጊዜ ላኪው።